ወገዳ የወረድሁ ዕለት

ለልጄ ለፈትለወርቅ፤ የሰው አገር እንደ እናት ቤት ይሙቅሽ፤ ክፉ አይይሽ። እኔም አባትሽም ደኅና ነን። ዘንድሮ ዝናቡ ጠንክሮ ገብሱን ቢያስተኛውም የጓሮው ድንችና ጎመን አምሮበታል።

ነሐሴ ማለቂያ ላይ ድንቹን ስኮተኩት አጎትሽ ዋሴ ሽማግሎች አስከትሎ መጣ። ለወገዳው ምስለኔ ልጅ ሊድርሽ ቃል ሰጥቶ ኖሯል።

«ነርስነቱ ይቅርባት፤ ከህንድ አገር ትመለስ» አለኝ።

«አምጬ የወለድኋት እኔ፤ እሺም እምቢም የምትል እሷ። አንተ ምን ቤት ነህ?» አልሁት።

ተቆጥቶ ሄደ፤ ለሽምብራው እርሻ ሊያውሰን ያለውን በሬም ከለከለን። አባትሽ «ምስለኔ አስቀይመን የት እንገባለን?» ቢሉም እኔ በቅሎ አስጭኜ በዚያ ዝናብ ወገዳ ወረድሁ። ከምስለኔው ሚስት ከወይዘሮ ይታይሽ ደጅ ቆሜ፣ «ልጄ ትምህርቷን ሳትጨርስ አልድራትም፤ ብትቀየሙም ተቀየሙ» አልኋቸው።

ከእግሬ እስከ ራሴ በጭቃ መለወሴን አዩ።

«እኔን በልጅነቴ ሲድሩኝ እንዲህ ብሎ የቆመልኝ አልነበረም። ግቢ፣ ልብስሽ ይድረቅ» አሉኝ።

ባላቸውን እሳቸው አሳመኑልኝ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ። ዋሴ ግን እስከ ዛሬ አኩርፎኛል። ያኩርፍ! ሽምብራውን በጎረቤት በሬ ዘርተነዋል።

አጎቴ ተቀየመ ብለሽ የይቅርታ ደብዳቤ እንዳትጽፊለት፤ አላጠፋሽም። ምግብሽን በወቅቱ ብዪ፤ ጾሙንም አትርሺ። ከቻልሽ የነርስ ልብስሽን ለብሰሽ ፎቶግራፍ ተነሺና ሁለት ላኪልኝ፤ አንዱን ለወይዘሮ ይታይሽ አደርስላቸዋለሁ። ያሰብሽው ይሙላልሽ፤ ዓይን ለዓይን ለመተያየት ያብቃን።

እናትሽ አዲስዓለም