የጫልቱ ስልክና የእኔ አፍንጫ

አሰላ፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኦቦ ገመዳ ዛሬ በደጄ አልፈው ጎረቤቴ ጫልቱ ጥገና ቤት ገቡ። ድሮ ቴፑም ቴሌቪዥኑም ሲበላሽባቸው ከኢተያ ድረስ ለእኔ ነበር የሚያመጡት። ቦርዱን አሽትቼ የተቃጠለውን ዕቃ ስነግራቸው «ያንተ አፍንጫ አይሳሳትም» ይሉኝ ነበር። ዛሬ የጸሎት ቤታቸውን አምፕሊፋየር ተሸክመው፣ «ልጄ፣ እስቲ ስልክሽን ጠይቂልኝ» ይሏታል። እሷ ብልሽቱን ስልኳ ላይ ላለው አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ትነግረዋለች፤ እሱ የቱን እንደምትፈትሽ ይነግራታል። ይኼም ሙያ ሆኖ ሰው ይሰለፍላታል።

ትንሽ ቆይታ ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ ‹የተቃጠለ ነገር ይሸታል ወይ?› ይለኛል። እኔ መለየት አቃተኝ። እስቲ እርስዎ ያሽትቱልኝ።»

«ጉንፋን ይዞኛል» አልኳት።

ውሸቴን ነው። የተቃጠለው ሬዚስተር ገና በሯ ላይ ስደርስ ሸትቶኛል።

ስልኩ በሌላ መንገድ መራት መሰለኝ፣ ከሰዓት በኋላ አምፕሊፋየሩ በግድግዳው በኩል መዝሙሩን ይለቅብኝ ጀመር።

ማምሻውን ጫልቱ «ለጉንፋንዎ» ብላ ዝንጅብል ይዛልኝ መጣች። ይኸው አሁን ቤቱ ዝንጅብል ዝንጅብል ይሸታል።