ጋቢው ይመለስ፣ የስፌት ክፍላችን ይከፈት

ቀን፦ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአረጋውያን ተሳትፎ ማስተባበሪያ ጽ/ቤት ኃላፊ
ቡራዩ

አመልካች፦ ወ/ሮ ፀሐይ አሥራት

ጉዳዩ፦ በክብር ከተሸኘንበት የበጎ ፈቃድ ሥራ እንድንመለስ ስለ መጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች ዕድሜዬ ስልሳ ዘጠኝ ሲሆን የቡራዩ ነዋሪ ነኝ። በልብስ ፋብሪካ ኮሌታ ስሰፋ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ አርፈዋል። ልጄ ቢንያም ገላን አንድ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ በበዓል በበዓል ይመጣል። መሥሪያ ቤታችሁ ጡረተኞች ከሰው እንዳይርቁ በማለት የሥራና የበጎ ፈቃድ ፕሮግራም ሲከፍት ከተመዘገቡት አንዷ ነበርኩ። የተመዘገብኩት ሥራ ናፍቆኝ አይደለም። የቤቱ ዝምታ በዝቶብኝ ነው።

2. በፕሮግራሙ መሠረት በአቅራቢያችን ባለ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍልና አንድ የልብስ ስፌት መኪና ተሰጥቶን የተማሪዎችን ዩኒፎርም እንጠግን ነበር። ብብቱ የተተረተረ ሸሚዝ፣ ዚፑ የተበላሸ ሱሪ፣ ክርኑ ያለቀ ሹራብ ይመጣልናል። ማክሰኞ ያመጣሉ፣ ሐሙስ ይወስዳሉ። አብረውኝ የሚሠሩት ወ/ሮ ጠይባ ከድሩ ናቸው። ወ/ሮ ጠይባ ቀደም ሲል የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የነበራቸው ሲሆን፣ ሱቁን ለልጆቻቸው ለቀው ነው ወደ ፕሮግራሙ የመጡት። በሦስት ዓመት ውስጥ በክር ቀለም ያልተጨቃጨቅንበት ቀን ትዝ አይለኝም። እሳቸው ይመሳሰላል ይላሉ፣ እኔ አይመሳሰልም እላለሁ፤ ከዚያ የሰፋነውን አጣጥፈን አብረን እንወጣለን። የሳምንቱን ወሬዬን በሙሉ የማወራው እዚያ ክፍል ውስጥ ነበር ማለት ይቻላል።

3. ባለፈው መስከረም 21 ቀን የአረጋውያን ቀን ሲከበር ወደ አዳራሽ ተጠራን። ስማችን ሲነበብ መድረክ ላይ ወጣን። የጽ/ቤቱ ባለሙያ ኦቦ ሊቤ በሁለታችንም ትከሻ ላይ ጋቢ ደረቡልን፣ የምስክር ወረቀት ሰጡን፣ ዝቅ ብለው ጉልበታችንን ሳሙ። ከዚያም በድምፅ ማጉያው «ሃርሜ፣ እናቶቻችን፣ እኛ ልጆቻችሁ እያለን እናንተ መርፌ ልትይዙ አይገባም። ከእንግዲህ እረፉ» አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ፣ እልልታም ነበር። እኔ መረቅኳቸው። ወ/ሮ ጠይባም መረቋቸው። ትከሻ ላይ የተደረበ ጋቢ እዚያው አውልቆ እንዴት እንደሚመለስ አላውቅም፤ ሲደረግም አይቼ አላውቅም።

4. በማግስቱ ሐሙስ ስለነበር እንደ ልማዳችን ወደ ክፍሉ ሄድን። ተዘግቷል። የግቢው ጥበቃ ሙሄዲን እንዳይከፍት መታዘዙን አንገቱን ደፍቶ ነገረን። በመስኮት ሳይ፣ ጀምሬ የተውኩት ሹራብ መርፌው ሥር እንዳለ ነው። ዛሬም እንዳለ ነው። ወደ ጽ/ቤቱ ሄጄ ስጠይቅ ኦቦ ሊቤ ከወንበራቸው ተነሥተው አስቀመጡኝ፣ ሻይ አዘዙልኝ። ጋቢውን ተቀብለን፣ መርቀን፣ በክብር የተሸኘን መሆናችንን አስረዱኝ። መመረቃችን እንደ መስማማት ተቆጥሯል። ሁለተኛ ስሄድም ሻይ አዘዙልኝ። እሳቸውን አልከስም። ትልቅ ሰው ሲሠራ እያየ የሚቀመጥ ልጅ ባለጌ ነው እየተባሉ ነው ያደጉት፤ እኔም ቢንያምን ያሳደግኩት እንዲሁ ነው።

5. ከፕሮግራሙ እንዳልወጣን ተነግሮናል። እርግጥ ነው፣ ስብሰባ በተደረገ ቁጥር እንጠራለን። ፊት ወንበር ላይ እንቀመጣለን፣ የታሸገ ውኃ ይሰጠናል፣ ፎቶ እንነሣለን። በሪፖርት ላይ ተሳታፊ ተብለናል። ነገር ግን ንግግር ስለሚደረግ ከጎን ካለ ሰው ጋር ማውራት አይቻልም። ንግግሩ ሲያልቅ መኪና አዘጋጅተው ወደየቤታችን ያደርሱናል።

6. ስለ ራሴ ብዙ የምለው የለም። የሚሰማኝን ልጽፍ ሞክሬ ነበር፤ ብዙም የሚሰማኝ ነገር አላገኘሁም። ቴሌቪዥኑ እንደተከፈተ ይውላል፣ ምን እንዳለ ብጠየቅ አልመልስም። ቢንያም ሲደውል «እማዬ፣ አረፍሽ አይደል?» ይለኛል። አረፍኩ እለዋለሁ። አንድ ቀን ሱቅ ሄጄ ሳሙና ስጠይቅ ድምፄ ጎርንኖ ወጣ፤ ለካ ከማክሰኞ ወዲህ ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም። አልደነገጥኩም። ሳሙናውን ይዤ ተመለስኩ። ለራሴ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጽ/ቤቱን በዚህ ጉዳይ አላስቸግርም ነበር።

7. ወ/ሮ ጠይባ ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ከቤት መውጣት ትተዋል። አሁንማ ከአልጋቸው የሚነሡት ለሶላት ብቻ ነው። ልጃቸው አሪጅ ሐኪም ቤት ወስዳቸው ነበር፤ የተገኘ በሽታ የለም። እኔ ማክሰኞ ማክሰኞ እሄዳለሁ። ገና ሳልቀመጥ «ፀሐይ፣ ክፍሉ ተከፈተ?» ይሉኝ ነበር። ገና ነው እላለሁ። ከዚያ መኪናው ላይ ስለቀረው ሹራብ እናነሣለን፤ ክሩ አይመሳሰልም ነበር እላቸዋለሁ፣ ይመሳሰላል ይሉኛል፣ እንዲህ እንዲህ እያልን ይመሻል። ከትናንት በስቲያ ማክሰኞ ገብቼ ተቀመጥኩ። ስለ ክፍሉ አልጠየቁኝም። እኔው አነሣሁና ክሩ አይመሳሰልም ነበር አልኳቸው። «እንዳልሽው ነው» አሉኝ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እሺ ብለውኝ አያውቁም። ወደ ቤቴ ስመለስ ፈራሁ። ከተሸኘን ወዲህ የተሰማኝ ነገር ቢኖር ይህ ፍርሃት ነው፣ አቤቱታውንም የጻፍኩት ለዚሁ ነው።

8. ስለዚህ ክቡርነትዎ የሚከተለውን እንዲፈቅዱልን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ሀ) የስፌት ክፍሉ ማክሰኞና ሐሙስ እንደ ቀድሞው እንዲከፈትልን፤

ለ) በትከሻችን የተደረቡት ሁለት ጋቢዎች ከዚህ ማመልከቻ ጋር ስለቀረቡ እንድትረከቡን። የወ/ሮ ጠይባን ጋቢ የሰጠችኝ አሪጅ ናት፤ ከበዓሉ ቀን ወዲህ ከፌስታሉ አልወጣም። መመለሳችን ንቀት እንዳይመስልብን። የሚበርደው ሌላ ሰው አይጠፋም፤

ሐ) ኦቦ ሊቤ እኛን የማክበር ፈቃዳቸው እንደጸና ከሆነ፣ ኮታቸውን ይዘው እንዲመጡ። ሻይ ሲያዙልኝ የቀኝ እጅጌው ገበር ተተርትሮ አይቻለሁ። ማክሰኞ ያምጡት፣ ሐሙስ ይወስዱታል።

ከስሜ በታች ያለው ክፍት መስመር የወ/ሮ ጠይባ ነው። ዛሬ ጠዋት ወረቀቱን ይዤላቸው ሄጄ ነበር፤ አንቺ ከፈረምሽ ይበቃል አሉኝ። አይበቃም። ቦታውን ትቼላቸዋለሁ፤ ክፍሉ ሲከፈት መጥተው ይፈርማሉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

ወ/ሮ ፀሐይ አሥራት (ፈርሜአለሁ)

ወ/ሮ ጠይባ ከድሩ ________________