አማትሽን አንገቷን ያሳክካታል?

አፉላ ኢሊት፣ እስራኤል፣ 2006

ልጄ ሊላክ፣ አምላከ አብርሃም በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምልሽ፤ የቶሮንቶ ብርድ አይንካሽ። እኛ ደኅና ነን። አባትሽ ጡረታ ከወጣ ወዲህ አውቶቡስ ጣቢያ ተቀምጦ የሚያልፉትን ወታደሮች ሲመርቅ ይውላል።

እኔን ግን አንገቴን እያሳከከኝ፣ ቆሳስሎ ከርሟል። ጎረቤታችን ይርጋለም ‹‹ዓይን ነው›› አለች። ሐኪሟ ደግሞ የሚያሳክከኝ ምን እንደሆነ ለመለየት ጀርባዬ ላይ ትንንሽ ፕላስተር ደርድራ፣ በእስክርቢቶ ቁጥር ጽፋ፣ ‹‹ከእሑድ እስከ ሐሙስ ውሃ እንዳይነካው›› አለችኝ። ሳልታጠብ ሰንበት እንዳይገባብኝ ስሠጋ ሰነበትሁ። ሐሙስ ስታየው፣ ከሁሉም አንዷ ቦታ ብቻ ቀልታ አብጣለች። ኒኬል የሚሉት ብረት ነው አለች። ያንን የላክሽልኝን ሐብል አየችና ‹‹ይሄ ወርቅ የተቀባ ኒኬል ነው፤ አውልቂው›› አለችኝ።

አልተቀየምሁሽም። ግን በላክሽው ፎቶ ላይ አማትሽም አንቺ የሰጠሻት የሚመስለኝን ሐብል አድርጋለች፤ የእሷ ይበልጥ ያበራል። አንቺም አንገቷን አቅፈሻታል። በስልክ ‹‹እማዬ›› ስትያትም ሰምቻለሁ። በምን ደክማብሽ ነው?

እኔ ሐብሉን አላወለቅሁትም፤ ቆዳዬን እንዳይነካ ከሸሚዜ ኮሌታ በላይ አስሬዋለሁ።

ውለጂ ክበጂ፣ ልጄ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ አማትሽን አንገቷን ያሳክካት እንደሆነ ቀስ ብለሽ ጠይቂልኝ። ካሳከካት እግዜር ይማራት፤ እኩል አይተሽናል ማለት ነው። ካላሳከካት ግን አትንገሪኝ።

ያለችሽ አንዲት እናትሽ፣
ጥሩሰው