ለአንድ ጽሑፍ ሁለት ስም ይበቃል

ለተከበረው የምርምር ምዘና ኮሚቴ፣

ጤንነታችሁ የተሟላ፣ ወንበራችሁም እንደ ሁልጊዜው የተመቻቸ እንዲሆን በታላቅ አክብሮት እመኛለሁ። እኔ ባለፈው ሳምንት ውሌን ያደሳችሁልኝ ጀማሪ መምህር ደህና ነኝ፤ በኮሪደሩ ሳልፍ አንገቴን ከመድፋቴ በቀር።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የአንድ ጽሑፍ ነጥብ ለጸሐፊዎቹ ቁጥር እንዲካፈል በመወሰናችሁ አመሰግናለሁ። ከዚህ መመሪያ በፊት የሥራ ባልደረባ የሚያግዝ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን ነጥብ የሚያሳንስብኝ ሰው መሆኑን ተረድቻለሁ።

፪. የክፍል ኃላፊ ስም በየጽሑፉ እንዲገባ የሚያዝ ደንብ እንደሌለ ስላረጋገጣችሁልን አመሰግናለሁ። በእርግጥም የለም። ኃላፊያችንም አላዘዙኝም፤ ቢሮዬ በር ላይ ቆመው «እኔንም እንዳትረሳኝ» አሉኝ እንጂ። ርእሱን አልጠየቁም። የውል ማደሻው ቅጽ የሚያልፈው ግን በእሳቸው ፊርማ ነው።

፫. እዚህ ላይ ምስጋናው ያስቸግረኛል። ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር አንድ ቢሮና አንድ ጠረጴዛ እንጋራለን። ስለ ጉድጓድ ውኃ ጥራት ላጠናነው ጥናት ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱንም ናሙና የቀዳችው እሷ ናት፤ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሆና፣ ጠርሙሶቹን በጀርባ ቦርሳ ተሸክማ። እኔ መግቢያውንና መደምደሚያውን ጻፍኩ። ጽሑፉ ወደ መጽሔቱ ሲላክ እሷ የወሊድ ፈቃድ ላይ ነበረች። ለውል ማደሻ ግማሽ ነጥብ ያስፈልጋል፤ ሦስት ስም ከገባ ግን ለእያንዳንዳችን የሚደርሰን ሲሶ ነው። የኃላፊውን ስም ማውጣት ፈራሁ። የእሷን አወጣሁ። ከመጻፍ ይልቅ መሰረዝ ይቀላል።

ስትመለስ ጽሑፉን ታትሞ አገኘችው። «ወንድሜ፣ ስሜን ረሳኸው ወይስ ቦታ ጠበበህ?» አለችኝ። ቦታ ጠቦኝ ነው አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠረጴዛውን ለእኔ ትታ ቤተ መጻሕፍት ነው የምትሠራው።

፬. «በምርምር ውጤት ማነስ» ውሏ እንደማይታደስ የሚገልጸውን ደብዳቤ ሳታዘገዩ ስላደረሳችሁላት አመሰግናለሁ። የይግባኝ ጊዜዋ ዓርብ ያበቃል። ናሙናዎቹን ማን እንደቀዳ ከእሷና ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም፤ እኔም እስከ ዛሬ ዝም ብያለሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ እንደ ምስክርነት ቃሌ እንድትቀበሉ፣ ያገኘሁትንም ግማሽ ነጥብ ለእሷ እንድታዛውሩ እጠይቃለሁ። በዚህ ምክንያት የእኔ ውል ቢቋረጥ፣ መመሪያችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክለኛውን ሰው አገኘ ማለት ነው።

በሌላ ሰው ድካም የተመዘንኩ፣ መመሪያችሁንም ከሚገባው በላይ ያከበርኩ፣
ጀማሪው መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ የእኔ ስም ወጥቶ የእሷ ስም አንደኛ ሆኖ እንዲገባ ለመጽሔቱ የእርማት ጥያቄ ልኬያለሁ። ኃላፊያችን በደግነት ተስማምተዋል፤ የትኛው ጽሑፍ እንደሆነ ስላላስታወሱ፣ የእሳቸው ስም ከየትኛውም እንዳይወጣ ብቻ አሳስበዋል።