ጨረቃ ላይ ላለው ወንድሜ

ለምትናፍቀን ወንድሜ ለማሙሽ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህ፣ እንቅልፍህ፣ ብርድ በመጣ ቁጥር የሚያስቸግርህ ወገብህ እንዴት ነው? ባለቤትህስ ደህና ናት? ያላየነው ልጃችሁስ ድክ ድክ ማለት ጀመረ? እኛም ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። አባባ ከእጃችን እየወጣ ነው። ሐኪሙ ከእንግዲህ ማመላለሱ እሱን ማንገላታት ነው ብሎ ወደ ቤት መልሶታል። ሐሳቡም አንዳንዴ ይጠፋበታል።

ይህንኑ ደጋግሜ ጽፌልህ ነበር። ስልክህም ይጠራል እንጂ አይነሳም። ይኸኛውም ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ እንደሚሆን ልቤ እያወቀ ነው የምጽፈው።

በምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ጥቂት ወጣቶች እየመጡ የራሳቸውን መጽሔት ያባዛሉ። ስማቸው ገና ከሰፈራቸው አልወጣም፤ አንዷ ፋርማሲ ትማራለች፣ አንዱ ጎማ ቤት ይሠራል። የሚጽፉት አጫጭር ልብ ወለድ ነው፤ ባሕር ውስጥ ስለተሠራ ከተማ፣ ጥላዋን ስላከራየች ሴት፣ የሙታንን ስልክ ስለሚያነሳ ማሽን። ቀለም የፈሰሰባቸውን ቅጂዎች ባለቤቱ ውሰጃቸው ይለኛል። መጀመሪያ የሥራ ፈት ወሬ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ሱስ ሆነብኝ። አንዳንዱ ዓረፍተ ነገሩ ይወላገዳል፣ አንዳንዱ መጨረሻው ይጠፋበታል፣ ግን ድፍረታቸው ደስ ይለኛል። ጥላዋን ባከራየችው ሴት ምክንያት አንድ ድስት አሳርሬያለሁ።

አባባ ከጣሪያው ጋር ተፋጦ ስለሚውል ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብለት ጀመር። አንድ ቀን የፋርማሲ ተማሪዋን ታሪክ ያዝኩ። ጨረቃ ላይ ቧንቧ የሚጠግን፣ የሚጠጣው ውሃ በብልቃጥ እየተሰፈረ የሚሰጠው ሠራተኛ፣ እኔ እያለ ኑሮውን የሚያወራበት ነው። ጥቂት እንዳነበብኩ አባባ ቆቡን አወለቀ። አንተ አላየኸውም፤ ቤት ውስጥ ቆቡን የሚያወልቀው ያንተ ደብዳቤ ሲነበብ ብቻ ነው። ከዚያ ልጄ እዚያ ድረስ ሄደ እንዴ አለኝ። አይደለም ማለት ሲገባኝ ገጹን ገልጬ ማንበቤን ቀጠልኩ።

ከዚያ ወዲህ አንተ ጨረቃ ላይ ነህ። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው አይደል፣ የሚጠይቀኝ ስለ መንገዱ ነው። ዳገት አለው ወይ፣ ጎማ ቢፈነዳበት ማን ይደርስለታል ይለኛል። ውሃ ስሰጠው ግማሹን ይመልስና ለማሙሽ አስቀምጪለት ይላል። ቤት ድረስ እየመጣች የምታየው ነርስ ከንፈሩ ደርቆ አይታ ተቆጣችኝ። ምክንያቱን ልነግራት ስል ሳቄ መጣ፤ ከዚያ እንባዬን መመለስ አቃተኝ።

ነገሩን ለፋርማሲ ተማሪዋ ባጫውታት፣ በማግሥቱ ሁለት ገጽ ይዛ መጣች። ቧንቧ ጠጋኙ ለአባቱ ሰላምታ የሚልክበት ነው። አባባን በዓይኗ አይታው አታውቅም። ከአብራኩ የወጣኸው ያልጻፍከውን ባዳ ጻፈችው። ሳነብለት ቆቡን ደረቱ ላይ ይዞ አዳመጠኝ።

ትናንት ነርሷ ልጁ አይመጣም ወይ ብላ በሹክሹክታ ስትጠይቀኝ ሰማት። መንገድ በሌለበት በምን ይምጣ፣ መንገድ ያጣ ሾፌር አይወቀስም አላት። ወደ እኔም ዞሮ እንዳትቀየሚው፣ እኔ ይቅር ብዬዋለሁ አለኝ።

ልጄ ማንበብ ችላለች፤ አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው እያለች ሰላም ትልሃለች። የአባባ ረዳት የነበሩት ጋሼም እንደ ድሮው መሪ የያዙ እየመሰሉ ሲያጫውቱት ይውላሉ፤ ሰላም በይልኝ ብለዋል። ባለቤትህንና ልጅህን ሳምልኝ። አባባም ሰላም ብሎሃል፤ አየሩ ይበቃሃል ወይ ብሏል፣ ለእኔ ብለህ እንዳትቸኩል ብሏል።

እኔ ግን ያለህበትን ከተማ አውቀዋለሁ፤ በአውሮፕላን የአንድ ሌሊት መንገድ ነው። አባባ ይቅር ያለው ጨረቃ ላይ ያለውን ልጁን ነው፤ አንተ እዚያ አልሄድክም።

እህትህ
ከአባባ አልጋ ራስጌ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የካቲት 9 ቀን