ቤት ነበርኩ ብል ማን ያምነኛል

ጥቅምት 3
ውርጩ ገብሱን እንዳይመታው ስሰጋ አደርኩ። ደህና ነው። ከሰዓት የስልክ ሠራተኞች መጥተው የድሮውን መስመር ነቀሉና ትንሽ ነጭ ሳጥን ተከሉልኝ። የአባቴን ጥቁር ስልክ እሷ ላይ ሰኩት። አነሣሁት፤ ድምፅ አለው። የሳጥኗ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች።

በዛወርቅ አልደወለችም። ከመስቀል ማግስት ጀምሮ ዓለም ከተማ እህቷ ቤት ናት። ለሽማግሌዎቹ ያለችው አሁንም ይቆረቁረኛል... "ባሌ የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ ነው። የሰው ድንበር ሲያስማማ ውሎ ያመሻል። እኔ ቁጭ ብዬ ግድግዳ አያለሁ።" ፍርዱም እንዲህ ሆነ፦ እኔ አልደውልም፣ አልሄድም። ልቧ ሲፈቅድ ራሷ ትደውላለች፤ ያውም በቤት ስልክ። "በሞባይልማ ገበያ መሃል ቆሞም ቤት ነኝ ይላል" ብላ ሽማግሌዎቹን አሳቀቻቸው። ብዬ አውቃለሁ እኮ... ምን ይደረግ።

ጥቅምት 6
ዛሬም የለም። ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ደጅ አየሁ፣ ተመለስኩ። ሰው ቤቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል?

ጥቅምት 8
መምሬ መልከ ጼዴቅ መጡ። የሽማግሌዎቹ አውራ እሳቸው ናቸው። ገና ሳይቀመጡ፦
"ረቡዕ ማታ ደወለች። ሐሙስም ደወለች። ጠራ፣ ማንም አላነሣም። የት ሄደህ ነው?"
"እዚሁ ነበርኩ!"
"ምስክር አለህ?"
"እግዜር ያውቃል፣ መምሬ።"
"እሱማ ያውቃል። ያለ ምስክር አትምጡብኝ እያልክ ስንቱን ሰው ስትመልስ የኖርከው አንተ አይደለህም?"
እኔው ነኝ። በሚመጣው ሳምንት አንድ ጊዜ ትሞክራለች አሉኝ። ያን ጊዜም ካላነሣሁ ፍቺ ነው። የትኛው ቀን? በስንት ሰዓት? እሳቸውም አያውቁም።

ጥቅምት 9
በሞባይሌ የቤቱን ቁጥር መታሁ። ጆሮዬ ላይ ጥርት ብሎ ይጠራል። ጠረጴዛው ላይ... ጸጥ። እጀታውን አንሥቼ "ሃሎ" ስል በሞባይሉ የራሴን ድምፅ ሰማሁ። ይሠራል! ግን አይጮህም። እሷም የሰማችው ይኸንኑ ነው። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ሰው የለም።

ሳጥኗን አጠፋሁ፣ አበራሁ። ገመዱን ነቅዬ እፍ አልኩበት፣ መልሼ ሰካሁት። ከጎረቤት ሌላ ገመድ ተውሼ ሞከርኩ። በመጨረሻ በጥፊ አልኳት። መብራቷ ብልጭ ድርግም... ታሾፍብኝ ጀመር። ለስልክ መሥሪያ ቤቱ አመለከትኩ። "ባለሙያ እንልካለን" አሉኝ። መቼ ነው የሚልኩት?

ጥቅምት 11
ዘዴ አገኘሁ። በየመሃሉ እጀታውን እያነሣሁ "ሃሎ?" እላለሁ። ምናልባት ልክ በዚያች ደቂቃ እየደወለች ከሆነ... ጎረቤቴ የትምወርቅ በመስኮት አይታኝ ኖሯል።
"ጋሼ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?"
"ከማንም።"
"እመቤቴ ትማርህ" ብላ ሄደች።
ቆይ... እኔ አንሥቼ ሃሎ ስል እሷ ብትደውል መስመሩ ተይዟል አይላትም? አስቀመጥኩት። አነሣሁት። አስቀመጥኩት። ኧረ ላብድ ነው!

ከሰዓት የግሼ ሰዎች በፈረስ መጡ። የድንበር ጠብ ነው፤ ያለ አንተ አይበርድም አሉ። ደስ አለኝ፤ ጋቢዬን ሁሉ አንሥቼ ነበር። መልሼ ሰቀልኩት። "ሰሞኑን አይመቸኝም" አልኳቸው። ቅር ብሏቸው ሄዱ።

ጥቅምት 13
ባለሙያዋ መጣች፤ ሰብለወንጌል ትባላለች። ጥቁሩን ስልክ ብድግ አድርጋ መዘነችው።
"ሳጥኑ ጤነኛ ነው። እዚህ ውስጥ ያለው የብረት ደወል ነው የከበደው። በድሮው መስመር ኃይል ይጮህ ነበር፤ ይቺ ሳጥን ግን እሱን ለማንቀሳቀስ አቅም የላትም።"
ከቦርሳዋ ቀላል የፕላስቲክ ስልክ አውጥታ ሰካች። በሞባይሌ መታሁ። ጮኸ! ዘልዬ ተነሣሁ። ልጅቷ ሳቋን ዋጠችው።
ስትወጣ "መብራት ሲጠፋ ግን አይሠራም፤ ይወቁት" አለችኝ። ወይ ጣጣ።

ጥቅምት 14
መብራት የለም። ዛሬ ብትደውልስ?

ጥቅምት 15
ጠዋት መብራቱ መጣ። ሰው ሁሉ ገበያ ወጥቷል። ቤቱ ለካ እንዲህ ሰፊ ነው። እሷ የምትቀመጥበት መደብ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሆኖ መንገዱ አይታይም። የሚመጣ ሰው ቢኖር እንኳ በር እስኪያንኳኳ አይታወቅም። ይህን እንዴት እስከዛሬ አላየሁም?

ጥቅምት 16
ድንች እየላጥኩ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ቢላዋውን እንደያዝኩ ሮጥኩ።
"አለህ?"
"አለሁ!"
ደወሉ እንደከበደ፣ መብራት እንደጠፋ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። ምስክር አለኝ፣ ባለሙያዋን ጠይቂያት አልኩ። አስጨረሰችኝና፦
"መጠበቅ እንዴት ነው?"
"ከባድ ነው። ሰው ያሳብዳል።"
"አንተ ከመስቀል ወዲህ ነው፣ ምንይሉ። እኔ ከተጋባን ጀምሮ ነው።"
በስንት ጉባኤ ሰው ያስታረቅኩ ሰውዬ... እንባዬ መጣ። የሰማች ይመስለኛል።
"ነገ እደውላለሁ" ብላ ዘጋች። እመጣለሁ አላለችም። ፍቺም አላለችም።

አመሻሽ ላይ የግሼ ሰዎች ተመለሱ። ፈረስ ጭነውልኛል፤ ሁለቱም ወገን ተሰብስቦ አንተን ይጠብቃል አሉኝ። ሌላ ሽማግሌ ፈልጉ አልኳቸው።
"ለሰዎቹ ምን እንበላቸው?"
"ስልክ ይጠብቃል በሏቸው።"
እየሳቁ ሄዱ። ይሳቁ።