በቀብርህ ዕለት ያልተነሣሁበት ደጃፍ

ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፺፰ ዓ.ም.

ውድ እንዳላማው፣

ሰላምታ አላበዛም። ከተቀበርህ ገና ወር አልሞላህም፤ ጤናህን ብጠይቅ ማን ይመልስልኛል? ቀብርህ ላይ እንዳልነበርሁ ሚስትህ ወለተ ኪዳን ለሰው ሁሉ ነግራለች። እውነቷን ነው። የት እንደነበርሁ ግን ከእኔው ስማ።

መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ዳሌዬን የሰበረኝ ጊዜ በቃሬዛ ያወጣኸኝ አንተ ነህ። የምደገፍበትን የወይራ ዱላም አንተው ጠርበህ ሰጠኸኝ። የሐኪሞች ቦርድ ፊት የቀረብሁ ዕለት ግን ዱላውን በር ላይ አቁሜ ገባሁ። ሹም ፊት ተደግፎ መቆም ነውር ነው ብዬ፣ ጥርሴን ነክሼ ቀጥ አልሁ። እነሱም ያለ ድጋፍ ይቆማል፣ ሥራ ይችላል ብለው የጉዳት ጡረታዬን ከለከሉኝ። ስነግርህ ሳቅህ አላስቆም ብሎህ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ለሐኪም ሰልፍ ልታሳይ ነው የሄድኸው?» አልኸኝ።

ይግባኜን ራሴ ጻፍሁ። ጠበቃም ማመልከቻ ጸሐፊም አላስጠጋሁም፤ ፊደሉንም ሕጉንም ያለ አስተማሪ የተማርሁ ሰው ነኝ። አንተ ያን ጊዜ መንገድ ሥራውን ትተህ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ገብተሃል። በተገናኘን ቁጥር የይግባኙ ቀን እያለቀ ነው፣ ስጠኝና ላስገባልህ ትለኝ ነበር። መጣደፍህ አጠራጠረኝ። ደመወዝህን የሚከፍልህም ጡረታዬን የከለከለኝም ያው መንግሥት ነው። ወረቀቴ በእጅህ ገብቶ ቢጠፋ ማንን እይዛለሁ? አንተን አልጠረጠርሁም፤ ወንበርህን ነው የጠረጠርሁት። እንዲህ እያልሁ እስከ መጨረሻው ቀን አቆየሁት።

በዚያ ቀን ጧት ፍርድ ቤት ስደርስ ይግባኝ የምትቀበለው የሬጅስትራሯ ክፍል ተቆልፏል። ዘበኛው የኋላሸት፣ ጋሽ እንዳላማው ሌሊት በድንገት ዐርፈው ሠራተኛው ሁሉ ቀብር ሄዷል አለኝ። እንዴት ብዬ ልመን? ቅዳሜ አማኑኤል ገበያ የበቅሎ ከንፈር ፈልቅቀህ ጥርሷን እያየህ በዋጋ ስትከራከር አይቼሃለሁ። ቀኔን ሊያሳልፉብኝ ነው፣ ነገ ጊዜው አልፏል ሊሉኝ ነው አልሁ።

«አባቴ፣ ወዳጅዎ አይደሉም እንዴ? ይሂዱ እንጂ» አለኝ።

«ስሄድ በሩን ልትከፍተው ነው?» አልሁት።

ከደጃፉ ቁጭ አልሁ። የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ሰማሁ። ደወሉንም የሚደውለው ሰው ነው ብዬ አልተነሣሁም።

ከሰዓት በኋላ ሬጅስትራሯ አመተ ሥላሴ ብቻዋን መጣች። ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ዐይኗ ቀልቷል፤ ጫማዋ ላይ የመቃብሩ ቀይ አፈር አለ። ያን ጊዜ አመንሁ። ልነሣ ስል ዳሌዬ እምቢ አለኝ፤ እሷው ደግፋ አነሣችኝ።

«ሌላው ሁሉ ለቅሶው ቤት ቀርቷል» አለችኝ ቁልፉን እያዞረች። «እኔ የመጣሁት ለእርስዎ ነው። ጋሽ እንዳላማው ዓርብ ዕለት፣ ‹ያ ግትር ሰውዬ በመጨረሻው ቀን ይመጣል፤ ሳትቀበይው ወደ ቤትሽ እንዳትሄጂ› ብለውኝ ነበር።»

ተቀበለችኝ። በእኔም ቅጂ ላይ ቀኑን በእጇ እንድትጽፍ፣ ማኅተሙንም እንድታሳርፍ ጠየቅኋት። እያለቀሰች አደረገችው። እኔም ማኅተሙ ሳይደርቅ ከዚያ አልወጣሁም።

ይቅርታ አልጠይቅህም። ያን ቀን ብለቀው መልሶ የሚሰጠኝ ሰው እንዳልነበረ ከማንም በላይ አንተ ታውቃለህ። ያን ቢሮ ዛሬም አላምነውም፤ ቅጂዬን ከደረት ኪሴ አላወጣሁትም። ለታኅሣሥ መጨረሻ ቀጥረውኛል። በዚያ ቀን ዱላህን ይዤ እገባለሁ፤ የሚቀየም ዳኛ ካለ ይቀየም።

ከዚያ በፊት ግን አርባህ አለ። ወለተ ኪዳን ታስገባኝ እንደሆነ እንጃ። በዱላህ እየተደገፍሁ፣ በዋናው መንገድ፣ እያነከስሁ ሰው ሁሉ እያየኝ እመጣለሁ። በርህን ዘግተውት ባገኘውም፣ ደጃፍ ላይ መቀመጥ አውቅበታለሁ።

ያ ግትር ያልኸው ወዳጅህ፣
አካለ ወልድ